የግላይደር ክለብ የወቅት ውድድር፦ ከባዶ ወረቀት እስከ ዋንጫ

አየሩ ባማረበት ቅዳሜ ወደ አንድ የግላይደር ክለብ ጎራ ብትሉ ሦስት አራት ግላይደሮች (ያለ ሞተር ኃይል የሚንሸራተቱ አውሮፕላኖች) ከሜዳው በላይ ሲዞሩ ታያላችሁ። ከፍታ አላቸው። ደመናው ተደርድሯል፣ ሰዓቱም ገና ነው። ግን ማንም ርቆ አይሄድም። ፍርሃት ብቻ አይደለም የያዛቸው፤ የሚሄዱበት ምክንያት የላቸውም። ሲመሽ ያርፋሉ፣ ክንፍ ይወለውላሉ፣ "ጥሩ ቀን ነበር" ተባብለው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።

የወቅት ውድድር ያን ምክንያት ይሰጣል። ሁሉም በአንድ ሳምንት ተሰብስቦ የሚፋለምበት ሻምፒዮና አይደለም። እያንዳንዱ አብራሪ በተመቸው ቀን ይበራል፣ የበረራውን ቅጂ (መቅጃ መሣሪያው የጻፈውን ፋይል) ያስገባል፣ ነጥቡ ወቅቱን ሙሉ ይጠራቀማል። አዘጋጁም ሥራውን ጥሎ ሜዳ መዋል አይጠበቅበትም።

በነገራችን ላይ ስፖርቱ ራሱ ያደገው በውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ጀርመን ውስጥ፣ ቫሰርኩፐ ተራራ ላይ፣ የመጀመሪያው የሮን የግላይደር ውድድር ሲካሄድ ረጅሙ በረራ 2 ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም። ያ ርቀት ዛሬ ከታች የምንነድፈው የጀማሪ መስመር የመጀመሪያ ማዞሪያ (አብራሪው ደርሶ የሚታጠፍበት ነጥብ) ጋ አያደርስም።

አንድ ነገር ላይ ከወዲሁ እንስማማ። የክለቡ ጎበዝ አብራሪ ውድድር ኖረም አልኖረም ይበራል። ስለዚህ የምታዘጋጁት ለእሱ አይደለም። ፈቃድ ካገኘ ሁለት ዓመት ሞልቶት ገና ከሜዳው ዓይን ላልራቀው ነው። ደንብ ስትጽፉም፣ ነጥብ ስትቀምሩም፣ ሽልማት ስትመርጡም ይህን ሰው አስቡ።

1. ባለቤት ይኑረው

ኮሚቴ አታቋቁሙ። አንድ አዘጋጅና አንድ ቅጂ አጣሪ ይበቃሉ። አጣሪው የግድ ሌላ ሰው ይሁን፣ ምክንያቱም አዘጋጁም መወዳደር ይፈልጋል። የራሱን በረራ ራሱ ካጸደቀ ደግሞ ሐሜቱ አይቀርም።

ከዋና አሰልጣኙ ጋር የምትነጋገሩት ደንቡ ከመጻፉ በፊት ነው። ማን ርቆ መብረር እንደሚችልና እንደማይችል የሚወስነው እሱ ነው፤ ውድድሩ ይህን ሥልጣኑን አይነካም። በደንቡ ላይ አንድ መስመር ጻፉለት፦ "ዋና አሰልጣኙ ዛሬ አይሆንም ካለ አይሆንም፤ ይግባኝ የለም።" የክለቡን የመድን ውልም አውጥታችሁ አንብቡ። "ውድድር" የሚል ቃል ካገኛችሁ ለመድን ድርጅቱ ደውላችሁ እንዲህ ያለውን የወዳጅነት ፉክክር ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

2. መስመሮቹን ንደፉ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የውድድሩ ነፍስ ያለችው መስመሮቹ ውስጥ ነው።

"የፈለጋችሁበት ብረሩ፣ ርቀቱን እንቆጥራለን" ማለት ቀላል ነው፣ ለጎበዞቹም ይስማማል። ለጀማሪ ግን ሰማዩን ሁሉ ከፍቶ "ምረጥ" ማለት ምንም አለመስጠት ነው። ስማቸውና ካርታቸው ታውቆ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ አምስት ወይም ስድስት መስመሮች ይሻላሉ። ጎበዞቹ ደግሞ ነፃ ርቀት እንደ አንድ ተጨማሪ አማራጭ ይኑራቸው።

መጀመሪያ የምትነድፉት ትንሿን ሦስት ማዕዘን ነው። ዓላማዋ አንድ ነው፦ አብራሪው በማንኛውም ቅጽበት ቴርማል (ግላይደሩን ወደ ላይ የሚያነሳ ሞቃት አየር) ቢያጣ ወደ ቤቱ ተንሸራቶ መግባት መቻል አለበት። ስሌቱ እንዲህ ነው። ብዙ ክለቦች ለስልጠና የሚጠቀሙበት ኤኤስኬ 21 በተረጋጋ አየር ከአንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይንሸራተታል። ወረቀት ላይ ማለት ነው። ከፊት የሚመጣ ነፋስ አለ፣ የሚወርድ አየር አለ፣ የጀማሪ እጅ አለ። ስለዚህ ግማሹን ውሰዱ፤ 17። አሁን ከሜዳው በላይ 1000 ሜትር ላይ ያለ ሰው አስቡ። 300 ሜትሩን ለማረፊያ ዙር አስቀምጡለት። የቀረው 700 ሜትር በ17 ሲባዛ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጣል። ማዞሪያዎቹን ከሜዳው 10 ኪሎ ሜትር ላይ ብታደርጓቸውና በመካከላቸውም 10 ቢኖር፣ ዙሪያው 30 ኪሎ ሜትር የሆነ መስመር አገኛችሁ። ከቤቱ ሳይቆረጥ ርቀት የሚለማመድበት መስመር ነው።

ይህችን መስመር በአንድ በረራ ደጋግሞ መዞር ይፈቀድ። አራት ዙር ማለት 120 ኪሎ ሜትር ነው። ብዙ ሰው ያን ያህል እንደበረረ የሚያውቀው ካረፈ በኋላ ሲነገረው ነው። ሁለተኛው ወቅት ላይ የሚጠይቃችሁ የትልቁን መስመር ካርታ ይሆናል።

ከዚያ ቀጥሎ ደረጃ በደረጃ ውጡ። አንዱ መስመር 50 ኪሎ ሜትር ቀጥታ ይሁን። ለብር ባጅ (ለአብራሪ ብቃት የሚሰጥ የደረጃ ምልክት) የሚጠየቀው ርቀት እሱ ስለሆነ አብራሪው በአንድ በረራ ሁለት ነገር ያገኛል። ነጥቡ በውድድሩ ሰንጠረዥ ይገባል፣ ማስረጃው ለባጁ ይቀርባል። ባጁ ግን የራሱ የማስረጃ ሕግ ስላለው ከመነሳቱ በፊት የክለቡን የባጅ ታዛቢ ያነጋግር። ቀጥሎ 100 ኪሎ ሜትር ሦስት ማዕዘን፣ ከዚያ 200፣ ከዚያ 300። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ራሱ ይንደፍ።

ማዞሪያ ነጥብ ስትመርጡ ከላይ በግልጽ የሚታይ ነገር ፈልጉ፤ የመንገድ መገናኛ፣ የሐይቅ ጫፍ፣ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ። አካባቢው ላይ ለማረፍ የሚመች ማሳ መኖሩን በመኪና ሄዳችሁ እዩ። ካርታ ላይ አረንጓዴ የሆነው ሁሉ ሜዳ አይደለም። ቁጥጥር ካለበት የአየር ክልል ጠርዝ ራቁ፤ ከሌላ አየር ማረፊያ የማረፊያ ዙርም እንዲሁ። በተለመደው አሠራር ማዞሪያው ራዲየሱ 500 ሜትር የሆነ ክብ ነው። ለጀማሪው መስመር 1 ኪሎ ሜትር ብታደርጉት ሰውዬው መሣሪያው ላይ አፍጥጦ ውጭውን ማየት አይረሳም። የመዞሪያውን አቅጣጫም ወስኑ። ሁሉም በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ከዞረ ሁለት ግላይደሮች አፍንጫ ለአፍንጫ አይገናኙም።

መነሻውን ዊንቹ (ግላይደሩን በገመድ ስቦ የሚያስነሳው ማሽን) ገመድ ከሚያወጣበትና ጎታች አውሮፕላኑ ከሚወጣበት ሰማይ አርቁት።

አሁን ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ፤ የከፍታ ልዩነት። አንድ ሰው በ1500 ሜትር ጀምሮ በ500 ሜትር ቢጨርስ፣ 1000 ሜትር በነፃ ተሸልሟል። በዚያ ከፍታ ኤኤስኬ 21 ትንሿን ሦስት ማዕዘን አንድም ቴርማል ሳይነካ ሊጨርሳት ይችላል። ያ ውድድር ሳይሆን ቁልቁል መንሸራተት ነው። የዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን፣ ኤፍኤአይ፣ ለባጅ በረራዎች ጥሩ ልክ አበጅቷል፦ ከ100 ኪሎ ሜትር በታች የሚፈቀደው የከፍታ ልዩነት የርቀቱ 1 በመቶ ነው፣ ከዚያ በላይ 1000 ሜትር። እናንተም ውሰዱት። ለ30 ኪሎ ሜትር 300 ሜትር ማለት ነው።

3. ነጥብ አሰጣጥ

ክለቡ ውስጥ የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእንጨት ግላይደርም ረጅም ክንፍ ያለው ፋይበርም አለ። ሁለቱን በእኩል ሜዳ ማፎካከር አይቻልም። መፍትሔው ማመጣጠኛ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ የግላይደር ዓይነት ቁጥር አለው። መካከለኛው 100 ገደማ ነው፣ ፈጣኑ ከዚያ ይበልጣል፣ ዝግተኛው ያንሳል። ርቀቱን በ100 አባዝታችሁ በቁጥሩ ታካፍላላችሁ።

በአሮጌ ግላይደር የሚበር ሰው ቁጥሩ 80 ነው እንበል። 160 ኪሎ ሜትር ሄደ። ሲሰላ 200 ነጥብ። ጓደኛው ቁጥሩ 110 በሆነ ፈጣን ግላይደር 210 ኪሎ ሜትር በረረ። ሲሰላ 191። አሮጌው አሸነፈ። ክለቡ ውስጥ ይህ በተከሰተ ማግስት የእንጨቱ ግላይደር መያዣ ደብተር ይሞላል። ቁጥሮቹን ግን ራሳችሁ አትፍጠሩ። የብሔራዊ ማኅበራችሁን ዝርዝር እንዳለ ውሰዱ፤ ያለበለዚያ ወቅቱን ሙሉ ስለ ቁጥር ትከራከራላችሁ።

ግላይደር ብቻ ሳይሆን አብራሪም ይመጣጠን። እኔ የምመርጠው ቀላል ነው። 50 ኪሎ ሜትር ሄዶ የማያውቅ ሰው ነጥቡ በ1.4 ይባዛ። ያን ያለፈ ግን 300 ያልደረሰ በ1.2። የቀረው እንዳለ። ወቅቱ ውስጥ ደረጃ ያለፈ ሰው ማባዣው እስከ መጨረሻ አይቀየርበት፤ ስለ ጎበዘ አይቀጣም።

መስመሩን የጨረሰ በነጥቡ ላይ ሩብ ይጨመርለት። ያልጨረሰ የሄደበትን ያህል ያግኝ። እንግዲህ ቁጥሩ 100 በሆነ ግላይደር ትንሿን መስመር አራት ጊዜ የዞረ ጀማሪ 120 ሲደመር ሩቡ 150፣ በ1.4 ሲባዛ 210 ያገኛል። በዚያው ግላይደር 300 የጨረሰው ጎበዝ 375 አለው። ክፍተቱ አለ፣ ግን የማይደረስበት አይደለም።

ፍጥነትስ? ለመጀመሪያው ወቅት ተዉት። ፍጥነት ሰውን ቴርማል እያለፈ ዝቅ እንዲል ይገፋዋል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ለ100 ኪሎ ሜትሩ መስመር ብቻ የፍጥነት ሰንጠረዥ ብትጨምሩ ይበቃል።

ከሁሉም በረራ የሚቆጠሩት ምርጥ አምስቱ ብቻ ይሁኑ። ሁሉም ከተቆጠረ የሚያሸንፈው ጎበዙ ሳይሆን ጡረታ የወጣው ነው፤ ማክሰኞም ሐሙስም ሜዳ ላይ ነዋ! አምስት ከሆነ ቅዳሜ ብቻ የሚመጣው የልጆች አባትም ተስፋ አለው። ባለ ሁለት መቀመጫ ሲሆን ደግሞ አዲስ ሰው ይዞ የወጣ አብራሪ ትንሽ ጉርሻ ያግኝ። ልምድ የሚሸጋገረው በዚያ መቀመጫ ነው።

4. ነጥብ የማይገዛው ነገር

ሰው ነጥብ ሲያይ ያልሆነ ነገር ይሞክራል። ስለዚህ ለአደገኛ ነገር ነጥብ እንዳይኖር አድርጋችሁ ጻፉ።

ፍጻሜው ሜዳው ላይ ያለ መስመር አይሁን። ሰዎች ዝቅ ብለው እየበረሩ ሊሻገሩት ይሞክራሉ። በምትኩ በሜዳው ዙሪያ ራዲየሱ 3 ኪሎ ሜትር የሆነ ክብ አድርጉ፣ ከመሬት ቢያንስ 500 ሜትር ላይ ሆኖ ይግባ። ያችኑ 17 ብትጠቀሙ ሦስቱን ኪሎ ሜትር ለመምጣት 180 ሜትር ገደማ ያጠፋል፤ ከ300 በላይ ይተርፈዋል። ከ500 በታች የገባ ኪሎ ሜትሩ ይቆጠርለት፣ መስመሩን ለጨረሰ የሚጨመረው ሩብ ግን ይቅርበት።

ማሳ ላይ ማረፍ ቅጣት የለውም። በጊዜ ወስኖ ጥሩ ማሳ መርጦ ያረፈ ሰው አበጀ። ዝቅ ብሎ ቴርማል ፍለጋ የተሟሟተውን ግን አታጨብጭቡለት፣ ታሪኩ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ። የአየር ክልል የጣሰ በረራ ሙሉ በሙሉ ዜሮ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ከደገመ ከአሰልጣኙ ጋር ይነጋገራል።

ቴርማል ውስጥ ቀድሞ የገባው በዞረበት አቅጣጫ ሁሉም ይዞራል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ሆኖም ደንቡ ላይ ይጻፍ። ፍላርም፣ ማለትም ግላይደሮች እንዳይጋጩ የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ፣ ካላችሁ ሳይከፍቱ መነሳት አይፈቀድ። ሞተር ያለው ግላይደር ሞተሩን ባስነሳበት ቦታ በረራው እንዳለቀ ይቆጠራል።

5. የክለቡ ግላይደርና ትሬይለሩ

ብዙ ወቅት የሚበላሸው በነጥብ ሳይሆን በዚህ ነው። አንድ ሰው የክለቡን ባለ አንድ መቀመጫ ግላይደር ጠዋት ይዞ ይወጣል፣ አምስት ሰዓት ይበራል፣ ሌሎች አራት ሰዎች ሣር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል። ማምሻውን ማንም አያናግረውም። ስለዚህ ቀድማችሁ ወስኑ። ለምሳሌ በወር ሁለት ቅዳሜ ግላይደሩ ሙሉ ቀን ለርቀት በረራ ይያዛል፣ ስሙን ደብተር ላይ ያስቀደመ ይወስደዋል፣ አንድ ጊዜ የወሰደ ወረፋው መጨረሻ ይገባል። በሌሎቹ ቀናት የተለመደው የሰዓት ገደብ ይሠራል።

ትሬይለሩንም፣ ማለትም ማሳ ላይ ያረፈውን ግላይደር የሚመልሰውን ተጎታች፣ ወቅቱ ሳይከፈት ፈትሹት። ጎማው ነፋስ አለው ወይ? መብራቱ ከመኪናው ጋር ሲሰካ ይሠራል ወይ? ክንፉን የሚይዙት መደገፊያዎች ሁሉ አሉ ወይ? ቁልፉ የት ነው የሚሰቀለው? "የት ነው ቁልፉ?" የሚለው ጥያቄ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ጓደኛችሁ ማሳ ውስጥ ቆሞ እየጠበቀ ሲመጣ ደስ አይልም። ርቆ የሚሄድ ሰው ማን እንደሚያመጣው ከመነሳቱ በፊት ሰሌዳው ላይ ይጻፍ። የሚያመጣው ሰው ያልታወቀለት በረራ አይመዘገብም።

6. ማስረጃና ሰንጠረዥ

ማስረጃው የአይጂሲ ፋይል ነው። የበረራ መቅጃው በየጥቂት ሰከንዱ ሰዓትን፣ ቦታንና ከፍታን ይጽፋል። ለባጅና ለሪከርድ የጸደቀ መቅጃ ያስፈልጋል፤ ለወዳጅነት ውድድር ግን ይህን ፋይል የሚያወጣ የስልክ መተግበሪያም ይበቃል። ለመግባት ውድ ዕቃ መግዛት ካስፈለገ የምንፈልገው ሰው መጀመሪያ ይቀራል።

ስሌቱን በእጅ አትሥሩ። እንደ ዊግላይድ ያሉ የኢንተርኔት አገልግሎቶች ፋይሉን ተቀብለው ርቀቱን ያወጣሉ፣ ማመጣጠኛውንም ይተገብራሉ። የእናንተ ሥራ የክለቡን ማባዣና ጉርሻ መጨመር ብቻ ነው። ለዚያ አንድ ኤክሴል ይበቃል፦ ቀን፣ አብራሪ፣ ግላይደር፣ መስመር፣ ርቀት፣ ነጥብ።

አጣሪው አንድ ነገር ይወቅ። ፋይሉ ውስጥ ያለው የግፊት ከፍታ የሚለካው ከቀኑ ግፊት ሳይሆን 1013.25 ሄክቶፓስካል ከሆነው መደበኛ ግፊት ነው። ስለዚህ አብራሪው በከፍታ መለኪያው ካየው ጋር ላይገጥም ይችላል። "የአየር ክልል ጥሰሃል" ከማለታችሁ በፊት የመነሻውን ቁጥር እዩ። ሜዳው 500 ሜትር ላይ ሆኖ ፋይሉ ከመነሳቱ በፊት 440 ካለ፣ በበረራው ሁሉ ላይ 60 ጨምሩ። ስንት ጠብ የሚበርደው በዚህች 60 ነው።

ፋይል ማስገቢያው ሰባት ቀን ይሁን። ቅሬታም ሰባት ቀን። ከዚያ በኋላ ተዘጋ። በወቅቱ መሃል ደንብ አይቀየርም፣ ስህተት ቢገኝበትም እንኳ። ለሚቀጥለው ዓመት ጻፉት።

7. እንዳይቀዘቅዝ

ሰንጠረዡ እሁድ ማታ ካልወጣ ውድድሩ ሞተ ማለት ነው። ከሰንጠረዡ ጋር በክለቡ ግሩፕ ላይ ሦስት አራት መስመር ወሬ ልቀቁ፦ ማን የመጀመሪያ ማዞሪያውን ነካ፣ ማን ማሳ ላይ አርፎ ገበሬው እንዴት ተቀበለው። ወሬው ስለ አንደኛው ብቻ ከሆነ አሥረኛው ማንበብ ያቆማል።

አንዱ ከጅምሩ ገስግሶ ከመራ ሌላው እጁን ይሰጣል። ለዚህ የወር አሸናፊ ይረዳል፤ በየወሩ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል፣ ዋናው ሰንጠረዥም ጎን ለጎን ይቀጥላል። ዝናብ የበዛበት ሳምንት ከመጣ ኮንዶር በተባለው የግላይደር ሲሙሌተር ያችኑ ሦስት ማዕዘን አብራችሁ ብረሯት። ነጥብ አይሰጥም፣ ግን መስመሩን ዓይን ይለምደዋል።

የሚዘጋበትን ቀን ከመጀመሪያው አስታውቁ። ዋንጫው ውድ አይሁን። ለአንደኛው አንድ፣ በትንሿ ሦስት ማዕዘን ብዙ ዙር ላጠራቀመ አንድ፣ ትሬይለር እየጎተተ ሰው ሲያመጣ ለከረመ አንድ።

ከዚያ የአባላትን ዝርዝር አውጡና አንድም ፋይል ያላስገቡትን ለዩ። ለእያንዳንዳቸው ደውሉ። ግላይደር አላገኘሁም፣ ደንቡ አልገባኝም፣ ማሳ ላይ ማረፍ ፈራሁ፤ መልሶቻቸውን ጻፉ። የሚቀጥለው ዓመት ደንብ ረቂቅ የሚጀምረው ከዚያ ወረቀት ነው።